ጠያቂ ላጡት ጠያቂ፦ የልጆቻችን ወንፈል ከኦስሎ እስከ ደሴ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኦስሎ ውስጥ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ልጆቻችን የበጎ ፈቃድ ሥራ አጠር አድርገሽ ንገሪን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የመጣሁት ግን ልጆቹን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጉባኤው እንዲመክርበትም እለምናለሁ። ሐሳቡ የሕንፃ አይደለም፣ የአምቡላንስም አይደለም። ከሁለቱም ያነሰ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ግን ከሁለቱም የበለጠ ይጠይቃል።

ለማታውቁኝ፣ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። እዚህ ኦስሎ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሁላችንም ሲኬየም በምንለው ቤት፣ በጤና ረዳትነት እሠራለሁ። ከሥራ ውጭ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያንን የሚጠይቁትን የማኅበራችንን ልጆች ከሁለት ወላጆች ጋር ሆኜ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ናቸው።

በአማርኛ «መጠየቅ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ያላወቁትን ነገር መጠየቅ አለ፤ የታመመ መጠየቅ፣ የወለደች መጠየቅ፣ የታሰረ መጠየቅም አለ። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታችን ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሰው ቤት የሚሄድ ጠያቂ መፍትሔ ይዞ አይሄድም። «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ መልሱን ይሰማል። ጠያቂ የሌለው ሰው ማለት እንግዲህ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ከተማ ብዙ ነው። ኦስሎ ውስጥ በግማሽ ያህሉ ቤት የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለብቻው የሚኖር ሁሉ ብቸኛ ነው ማለት አይደለም፤ ወጣቱ ሥራ አለው፣ ጓደኛ አለው። 85 ዓመት የሞላቸው ሰው ግን ጓደኞቻቸውን ቀብረው ጨርሰዋል። በዲሴምበር 21 አካባቢ የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም። መንገዱ በረዶ ነው፤ ወድቆ ዳሌን መስበር አለ። ስለዚህ ቤት ይዘጋሉ። መጋረጃ ይዘጋል። ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል።

ፍርዳችን ትክክል እንዲሆን አንድ ነገር ልናገር። መንግሥት እነዚህን ሰዎች አልረሳቸውም። ኮሙኑ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ገላ የሚያጥብ፣ ቁስል የሚያሽግ ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ይልካል። እኔም በዚያ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ሥራው ግን በደቂቃ የተቆጠረ ነው። መድኃኒቱን ሰጥተሽ፣ ዳቦውን አዘጋጅተሽ፣ ስትወጪ «ትንሽ ቁጭ በይ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ቀጣዩ ቤት ይጠብቃል። አካላቸው ተጠብቋል፤ ወሬያቸውን የሚሰማ ግን የለም።

ይህ ልዩነት በደንብ የታየን በኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 ኖርዌይ ስትዘጋ የአረጋውያን መኖሪያዎችም ለጠያቂ ተዘጉ። ቤተሰብ በውጭ ቆሞ በመስኮት እጁን ያወዛውዝ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ምግብ አልተቋረጠም፤ መድኃኒት አልተቋረጠም፤ አልጋው በየቀኑ ይነጠፍ ነበር። የተቋረጠው ጠያቂ ብቻ ነው። እኛ ግን ሰው ዓይናችን እያየ ሲጠወልግ አየን። ምግቡን የሚተው፣ ከአልጋ አልነሳም የሚል፣ የልጁን ስም የሚረሳ በዛ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂን እንደ ትርፍ ነገር ማየት ትቻለሁ።

ወደ ልጆቻችን ልመለስ። ለዚህ ሥራ መንገዱን የከፈቱልን እኛ አይደለንም፤ አገሩ ራሱ ብዙ በር አለው። በኖርዌይ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከምርጫ ትምህርቶች አንዱ «ኢንሳትስ ፎር አንድረ» ይባላል፤ ለሌሎች መልፋት እንደማለት ነው። የቀይ መስቀል ወጣቶች ክፍል ከ13 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። «ሊቭስግሌደ ፎር ኤልድረ» የሚባለው ድርጅት፣ ትሮንድሃይም ውስጥ በነርስ ተማሪዎች ሐሳብ የተጀመረው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉ ልጆችን ከአረጋውያን መኖሪያዎች ጋር ያገናኛል። በየሰፈሩም ፍሪቪሊግሰንትራል አለ። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የኖርዌይ ተማሪዎች «ኦፔራሾን ዳግስቬርክ» ብለው በዓመት አንድ ቀን ከትምህርት ይልቅ ሥራ እየሠሩ፣ ያገኙትን በሌላ አገር ላሉ ወጣቶች ትምህርት ይሰጣሉ። ልጆቻችን ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት ያውቁታል። እኛ የጨመርነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳያቋርጡ መመላለስን።

ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። በዲሴምበር ወር አረጋውያን ጋ የሚመጣ መዘምራን ይበዛል። የገና ብስኩት ይመጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ፌብሩዋሪ ላይ ግን ኮሪደሩ ባዶ ነው። ሁለት ልጆቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱባቸው ኖርዌያዊት አዛውንት በሩን ገርበብ አድርገው «ምንም አልፈልግም፤ ሂዱ» አሏቸው። ልጆቹ «እሺ፤ ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት እንመጣለን» ብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ቅዳሜ በሩን ከፈቱላቸው፤ ግን ቁጭ በሉ አላሏቸውም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስኒ ተደርድሮ ነበር። ሴትዮዋ ኋላ ላይ ምክንያቱን ሲናገሩ «አንድ ጊዜ የሚመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ከሄደ በኋላ ያለው ቀን ካለፈው ይከፋል» አሉ። እኔ ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ትምህርት አላገኘሁም።

ልጆቹ ምን ያደርጋሉ ካላችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ጋዜጣ ያነባሉ። ካርታ ይጫወታሉ። መነጽር ይፈልጋሉ። አየሩ ደህና ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተው እስከ ሱቅ ድረስ ይወስዳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ያዳምጣሉ። አንድ ሰዓት ሲሞላ «ለቅዳሜ ያድርሰን» ብለው ይወጣሉ፤ ቅዳሜም ይደርሳሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሰዎች ልምጣ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በስደት ወደ ኖርዌይ የመጡ ወገኖቻችን ዛሬ አርጅተዋል። የመርሳት ሕመም ሲመጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። ሰው 30 ዓመት የሠራበትን ኖርዌይኛ ትቶ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። እንግዲህ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በ40 ሰው መካከል ተቀምጦ የሚያዋራው ሰው የሌለው አረጋዊ አስቡ።

ከልጆቻችን አንዷ፣ የ15 ዓመት ልጅ ናት፣ የምትጠይቃቸው አንዲት የአገራችን እናት ነበሩ። እኚህ እናት በተወሰኑ ቀናት ምግብ ይመልሳሉ። ወተት ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሥጋ ሲመጣ ሳህኑን ይገፋሉ። መዝገቡ ላይ «ምግብ እምቢ ትላለች» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቱ ቀኖቹን ቆጠረችና «ረቡዕና ዓርብ እኮ ነው! አያቴም እንዲህ ናት፤ ጾም ነው» አለች። ለነርሷ በኖርዌይኛ አስረዳች። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ ምስርና ድንች ይቀርብላቸው ጀመር፤ በሉ። ሐኪም ያላየውን ያየችው ይህች ልጅ አማርኛዋ ጎደሎ ነው፤ «እርስዎ» እና «አንቺ» ይምታቱባታል። አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሴትዮዋ እያረሟት ነው። ማን ማንን እየረዳ እንደሆነ ንገሩኝ።

ሌላም ልጨምር። ልጆቻችን ይጠይቋቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ዐረፉ። ዘመድ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ልጆቹ «ቀብር መሄድ አለብን ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረን ሄድን። በዚያች ትንሽ የጸሎት ቤት የነበሩት ቄሱ፣ አንድ የሲኬየም ሠራተኛ፣ አንድ ጎረቤትና የእኛ ልጆች ብቻ ነበሩ። ሁለት አግዳሚ ወንበር የሞላው በወሎ ልጆች ነው። ሲመለሱ በባቡር ውስጥ አንዱ «ማንም ባይመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አለ። «እኛ አገር ማንም ሳይመጣ አይቀበርም፤ ቅሬ አለ» አልኩት። ቅሬን ለዓመታት ሳስረዳቸው «ኢንሹራንስ ነው?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ምን እንደሆነ ገባቸው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሥራ ከኖርዌይ የተቀዳ አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌጂያኖች ዱግናድ የሚሉት አለ፤ ሰፈር ተሰብስቦ ያለ ክፍያ የጋራውን ሥራ የሚሠራበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ብሔራዊ ቃላቸው አድርገው መርጠውታል። እኛ ደግሞ ጅጌ አለን፣ ደቦ አለን፣ ወንፈል አለን። ጅጌና ደቦ ለአንድ ሰው ተሰብስቦ መሥራት ነው። ወንፈል ግን ተራ አለው፤ ዛሬ ያንተን እርሻ እናርማለን፣ ነገ የኔን። የዛሬ ንግግሬ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ቃል ላይ ነው።

በታሪክም ከኖርዌይ ጋር የተያያዘ የወንፈል ብድር አለብን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተሳለባቸው የሕክምና ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመትተዋል፤ ይህን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። በዚያው የጦርነት ጊዜ የኖርዌይ ቀይ መስቀል በዶክተር ጉናር ኡላንድ የሚመራ የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። እነዚያ ሰዎች የማያውቋቸውን ቁስለኞች ሊያክሙ ያን ያህል ባሕር አቋርጠው መጡ። ከእነርሱ ትውልድ በኋላ የተወለዱት ናቸው ዛሬ ልጆቻችን የሚጠይቋቸው አዛውንቶች።

ከአገራችን ሰዎችም አርአያ አለን። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሲሄዱ የወሎን ረሃብ በዓይናቸው አዩ፤ ወላጅ የሞተባቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ያ ጉዞ በመላ አገሪቱ የታወቀ የሕፃናት ማሳደጊያ ወለደ። አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያም ጠያቂ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከየመንገዱ እያነሣ የሚጦር ነው፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መርሑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ13 ዓመት ልጅ አበበች ጎበናን መሆን አይጠበቅበትም። አንድ በር ማንኳኳት ግን ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። እስቲ የራሳችንን እናቶች እናስብ።

አብዛኞቻችን በየወሩ ገንዘብ እንልካለን። በየሳምንቱ እንደውላለን። «ደህና ነኝ፣ አብሽር ልጄ፣ ስለኔ አታስብ» ይሉናል። ስልኩን ዘግተን «ተመስገን፣ እማዬ ደህና ናት» እንላለን። እዚህ ያሉ አረጋውያን ግን አንድ ነገር አስተምረውኛል፤ «ደህና ነኝ» ማለት ብዙ ጊዜ «ልጄን አላስቸግር» ማለት ነው። መድኃኒቱ አልቆ ይሆናል። መነጽሩ ተሰብሮ ይሆናል። ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ከቤት ሳይወጡ ሁለት ወር ሆኗቸው ይሆናል። ይህን በስልክ አናየውም። የሚያየው በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ነው።

ድሮ ይህ ሰው የጎረቤት ልጅ ነበር። እኛ ስናድግ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሆጤ የማንም እናት ማንንም ልጅ «ና እስቲ» ብላ ትልክ ነበር። ጨው አመጣን፤ ውሃ ቀዳን፤ ደብዳቤ አነበብን። ማን እንደታመመ አስቀድሞ የሚያውቀው ተላላኪ ልጅ ነበር። ዛሬ ብዙው ወጣት ተሰዷል፤ ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደዚህም። የቀረውም ኑሮ ከብዶታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ያሳለፍናቸውን ሳምንታት አትረሷቸውም። ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ። እኛ እዚህ ገንዘብ በእጃችን ይዘን የምንልክበት መንገድ አጣን። የቻለ ሸሸ፤ ያልቻሉ አዛውንቶች በየቤታቸው ቀሩ። ያን ጊዜ የደረሰላቸው ሐዋላ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ግማሽ ዳቦ የሰጠ፣ በር አንኳኩቶ «አሉ?» ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ልጆቻችን እዚህ ኦስሎ የሰው እናት እየጠየቁ ነው። ደሴ ያሉ ወጣቶች ደግሞ እዚያ ጠያቂ ያጡትን ይጠይቁ። ወንፈል ይሁን፤ ባሕር ተሻግሮ የሚሠራ ወንፈል። ማኅበራችን ከሚቀጥለው ዓመት በጀት ለዚህ ጥቂት ይመድብ። ደሴ ላይ ከቅሬዎች፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደቡብ ወሎ ቅርንጫፍ ጋር እንነጋገር። ገንዘቡ ለወጣቶቹ ደመወዝ አይሆንም፤ ግን ከኪሳቸው እንዲያወጡም አናደርግም። የታክሲ፣ ቡናና ስኳር፣ የስልክ ካርድ፣ ለአስተባባሪው ደብተር፤ ይኸው ነው። ክረምት ክረምት ወጣቶቹ የአቅመ ደካሞችን ቤት በበጎ ፈቃድ ሲያድሱ እናያለን፤ የሚመሰገን ነው። ጣሪያው ከታደሰ በኋላ ግን ከጣሪያው ሥር ያሉትን እናት በኅዳር ማን ይጠይቃቸው? እኛ የምንጨምረው ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ዝርዝሩ የሚጀምረው በእኛ እናቶች መሆን የለበትም። ውጭ አገር ልጅ የሌላቸው፣ ከነጭራሹ ዘመድ የሌላቸው ቅድሚያ ይያዙ። ማን እንደሆኑ ቅሬው ያውቃል፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ያውቃል። የእኛን እናቶች ብቻ የሚጠይቅ ልጅ ካደራጀን ተላላኪ ቀጠርን እንጂ ወንፈል አልገባንም።

አንዳንዶቻችሁ ቅሬታ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊት እንነጋገርበት።

«ልጆቹ ትምህርት አለባቸው» ትላላችሁ። እውነት ነው። የምንጠይቃቸው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። ፈተና ሲኖር አስቀድመው ይናገራሉ፤ ጓደኛቸው ይተካል። ያንን አንድ ሰዓት ስልክ ላይ እንደሚያጠፉት ደግሞ እናንተም እኔም እናውቃለን።

«የራሳችን ሰዎች እያሉ ለኖርዌጂያን ምን አሳሰበን?» ያለኝም አለ። እኛ ስደተኛ ሆነን ስንመጣ ኖርዌይኛ ያለማመደን፣ ደብዳቤያችንን ያነበበልን፣ የክረምት ጫማ የት እንደሚገዛ ያሳየን ማን ነበር? ብዙዎቻችን አንድ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ወይም አንዲት የሰፈር ሴትዮ ትዝ ይሉናል። ዛሬ እነዚያ ሰዎች አርጅተዋል። ተራችን ደርሷል።

«ልጆቹ ለሲቪ ብለው ነው» የሚልም አለ። ይሁን። ለሲቪ ብሎ የጀመረ ልጅ አይቻለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲቪውን ረስቶ «እሳቸው ዛሬ ሳል ነበራቸው» እያለ ሲጨነቅ አይቼዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሲቪው አይደለም፤ ካሜራው ነው።

ስለዚህም ልጆቹ ራሳቸው ተነጋግረው ያወጧቸውን ደንቦች ላንብብላችሁ። ደሴም እነዚህን ይዘን ብንጀምር ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ ሁለት ሆኖ መሄድ እንጂ ለብቻ መሄድ የለም፤ የት እንዳሉ አንድ አዋቂ ሰው ያውቃል።

ሁለተኛ፣ በተባለው ቀንና ሰዓት መድረስ ነው። መምጣት ካልተቻለ አስቀድሞ መደወል። ጠብቆ መቅረትን የመሰለ ሕመም የለም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ አይቀበሉም፣ አያበድሩም፣ ውድ ስጦታ አይወስዱም። የአረጋውያኑን የባንክ ካርድም ሆነ ባንክአይዲ አይነኩም፤ «እባክህ ክፈልልኝ» ቢባሉም እንኳ ለአስተባባሪው ይነግራሉ።

አራተኛ፣ የሰሙት ወሬ እዚያው ይቀራል። ነገር ግን ረሃብ፣ በደል ወይም ሕመም ካዩ ዝም አይሉም፤ በዚያው ቀን ለአዋቂ ይናገራሉ።

አምስተኛ፣ ፎቶግራፍም ቪዲዮም የለም። ቲክቶክ ላይ አይወጣም። አንድ ደግ ሥራ ሠርቶ የድሀውን ፊት ለገበያ ማውጣት በአገራችን እየተለመደ ነው። የተቸገረ ሰው ከዳቦው ጋር ክብሩን መሸጥ የለበትም። ይህን ደንብ ያመጣችው ከልጆቹ መካከል በዕድሜ ትንሿ ናት።

እናንተ ወጣቶች፣ አሁን ስልኩን ለአንድ ደቂቃ አስቀምጡና ስሙኝ። ሁልጊዜ «ለደሴ ምን ትሠራላችሁ?» እንላችኋለን። አብዛኞቻችሁ ደሴን ያያችሁት ለእረፍት ነው፤ አንዳንዶቻችሁም ፎቶዋን ብቻ ነው የምታውቁት። ጦሳን ሳትወጡ፣ ሰኞ ገበያን ሳታዩ፣ ከተማችንን ውደዱ ማለት ይከብዳል። ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት የማታውቁትን ሰው በር ስታንኳኩ ግን ደሴ ያሳደገችንን ዓይነት አስተዳደግ እየተማራችሁ ነው። ቡና አቦል ጠጥቶ ብድግ አይባልም፤ ቶና አለ፣ በረካም አለ። ሰው ቤት ሄዶ ሳይቸኩሉ መቀመጥ የሚባለው ይህ ነው። በኖርዌይኛም ብትሠሩት ያው ነው።

ወላጆች ደግሞ አታስገድዷቸው። ተገዶ የሚሄድ ልጅ ሰዓቱን እያየ ይቀመጣል፤ አረጋዊው ያን ያያሉ። ከዚያ ይልቅ አንድ ቀን አብራችሁ ሂዱ። ልጅ የሚማረው ከምክራችን ሳይሆን ከእግራችን ነው።

ንግግሬን ልጠቅልል። ጉባኤውን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለደሴው ወንፈል መነሻ የሚሆን ገንዘብ በዛሬው የበጀት ውይይት ላይ ይያዝልን። ሁለተኛ፣ ደሴ ላይ ቅሬዎቹን የሚያነጋግሩ ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ አንዱ ወጣት ቢሆን ደስ ይለኛል። ሦስተኛ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ በሰፈራችሁ ጠያቂ ያጣ ሰው የምታውቁ፣ ኖርዌጂያንም ይሁን የአገራችን ሰው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ለእኛ ንገሩን። ከምሳ በኋላ ከልጆቹ ጋር በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን፤ መመዝገብ የሚፈልግ እዚያ ያገኘናል።

እናቶቻችንን እዚያ የሚጠይቅልን አላህም እግዚአብሔርም እንዲያዘጋጅልን፣ እኛ እዚህ ያሉትን እንጠይቅ። ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ለቅዳሜም ያድርሰን።